ከእስራኤል የሚመጡ እንግዶች ሰንበትን በሳቫና ሲያሳልፉ፦ የጾም ምግብ ኮሸር ይሆናል ወይ?

ጥያቄው ባጭሩ ይህ ነው (ኮሸር ማለት በአይሁድ ሕግ እንዲበላ የተፈቀደ ማለት ነው)። ጠያቂው አትላንታ ውስጥ በቫን ሰው በማመላለስ የሚተዳደሩ፣ ጎንደር ያደጉ ክርስቲያን ናቸው። የልጅነት ጎረቤቶቻቸው የነበሩና ዛሬ በእስራኤል የሚኖሩ የቤተ እስራኤል ቤተሰብ ሊጠይቋቸው ይመጣሉ፤ ሐሙስ በዚያው በጆርጂያ ግዛት ወዳለችው ወደ ሳቫና ከተማ ወርደው እሑድ ሊመለሱ አስበዋል። ጠያቂው እንዲህ ይላሉ፦ «ሰዎቹ ሃይማኖታቸውን አጥባቂ ናቸው። እዚያ ኮሸር ምግብ ቤት አገኝላቸዋለሁ? ካልተገኘስ የእኛ የጾም ምግብ አይሆናቸውም ወይ? ለመሆኑ በዚያች ከተማ አይሁድ አሉ? ቅዳሜ ዕለትስ እኔ ምን ላድርግ?»

ወንድሜ፣ ለእንግዶችዎ ያሰቡት ሐሳብ ከልብ ያስደስታል። እኔም ከጎንደር ከወጣ የቤተ እስራኤል ቤተሰብ የተወለድኩ ነኝ፤ እንጀራዬም የምግብ ቤቶችንና የፋብሪካዎችን ኮሸርነት መቆጣጠር ስለሆነ፣ የጠየቁትን ነገር ከሁለቱም ወገን አውቀዋለሁ። በሳቫና አይሁድ አሉ፤ አሜሪካ ነጻ አገር ከመሆኗ አስቀድሞ ጀምሮ አሉ። ጉዞውን ግን በኮሸር ምግብ ቤት ተማምነው አያቅዱ፤ ምግቡ በአብዛኛው ከአትላንታ ተጭኖ መሄድ አለበት። የጾም ምግባችንም እንዳለ ሲወሰድ ኮሸር አይደለም። ከሁሉ አስቀድመው መወሰን ያለብዎት የማደሪያውን ቦታ ነው፤ ይህ ከተበላሸ ምግቡ የቱንም ያህል ቢያምር ሰንበቱ ሰንበት አይሆንላቸውም።

ሰንበትን የሚጠብቅ አይሁዳዊ ዓርብ ፀሐይ ከመጥለቋ በፊት ጀምሮ ቅዳሜ ማታ ከዋክብት እስኪታዩ ድረስ መኪና አይሳፈርም፤ ወደ ምኩራብ የሚሄደው በእግሩ ነው። ሳቫናን የሚጎበኝ ሰው ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ የሚያርፈው ከወንዙ ዳር ጀምሮ በዛፍ የተሸፈኑት አደባባዮች ባሉበት በአሮጌው ከተማ ነው። በዚያ፣ ሞንተሬይ አደባባይ ላይ፣ ስመ ጥሩው የሚክቬ እስራኤል ምኩራብ ቆሟል። እንግዶችዎ የምኩራቡን ፎቶግራፍ አይተው «ከደጃፉ እንደር» ቢሉ አይፈረድባቸውም፤ ይሁን እንጂ ሚክቬ እስራኤል የሪፎርም (ሥርዓቱን ከዘመኑ ጋር ያሻሻለው) ወገን ማኅበር በመሆኑ የጸሎቱ ሥርዓት እነሱ በእስራኤል ከለመዱት በእጅጉ ይለያል። ሕጉን እንደ ጥንቱ የሚጠብቀው፣ በአይሁድ ዘንድ ኦርቶዶክስ የሚባለው ማኅበር ብናይ ብሪት ጄኮብ ሲሆን፣ ምኩራቡ የሚገኘው ከአሮጌው ከተማ በስተደቡብ፣ በአበርኮርን ጎዳና ላይ ነው። ከሞንተሬይ አደባባይ እስከዚያ ድረስ በእግር አንድ ሰዓት ገደማ ያስኬዳል፤ በሐምሌ የሳቫና ሙቀትና ወበቅ ሕፃንና ሽማግሌ ይዞ ይህን መንገድ ሂዱ ማለት ጭካኔ ነው።

እንዲህ መራራቃቸው ምክንያት አለው (ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። ብናይ ብሪት ጄኮብ በ1861 ሲመሠረት አባሎቹ የሚኖሩት በመሐል ከተማ ነበር፤ በ1909 በሞንትጎመሪ ጎዳና ላይ የገነባው ሕንጻም ዛሬ ድረስ ቆሞ የሳቫና የሥነ ጥበብና ዲዛይን ኮሌጅ ይገለገልበታል። ቤተሰቦቹ በሃያኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ወደ ደቡባዊ ሰፈሮች ሲዛወሩ፣ በእግሩ የሚሄድ ምእመን ያለው ምኩራብ ከሰዎቹ ርቆ መኖር ስለማይችል ተከትሏቸው ሄደ። ስለዚህ ለዓርብና ለቅዳሜ ሌሊት በአበርኮርን አካባቢ፣ ከምኩራቡ በእግር ሃያ ደቂቃ በማይሞላ ርቀት፣ ወጥ ቤት ያለው ቤት ወይም ክፍል ይከራዩላቸው። ሐሙስ ሌሊት ወንዙ አጠገብ ቢያድሩ ምንም አይከለክላቸውም። የምኩራቡን ጽሕፈት ቤት አስቀድመው ቢያነጋግሩ በአካባቢው የሚከራይ ቤት ወይም በቤቱ ሊያሳድራቸው የሚፈቅድ ሰው ሊጠቁሙ ይችላሉ፤ በትንሽ ከተማ ያለ ማኅበር እንግዳ ሲመጣለት ደስ ይለዋል።

አሁን ወደ ጾም ምግቡ ልምጣ፤ ይህን ጥያቄ ሐበሾች በየጊዜው ስለሚጠይቁኝ ሰፋ አድርጌ ልመልሰው። በእኛ አገር ክርስቲያኑ የሙስሊሙን እርድ፣ ሙስሊሙም የክርስቲያኑን እርድ አይበላም፤ ሥጋው ያው የበሬ ሥጋ ቢሆንም ማን እንዳረደውና እንዴት እንደታረደ ይጠየቃል። የኮሸር ሕግም መነሻው ይኸው ነው፤ ልዩነቱ ጥያቄው ከእርዱ አልፎ ወደ ድስቱ፣ ወደ ቢላዋውና ወደ እሳቱ መዝለቁ ነው። አንድ የሐበሻ ምግብ ቤት ረቡዕና ዓርብ የሚያቀርበውን ምስር ወጥ እንመልከት። ሥጋ፣ ቅቤና ወተት የለበትም። ሆኖም ድስቱ ትናንት ዶሮ ወጥ ተሠርቶበት ከሆነ፣ ኮሸር ያልሆነውን ሥጋ ጣዕም በጋለ ጊዜ እንደጠጣ ይቆጠራል፤ ታጥቦ መንጻቱ ይህን አይለውጠውም። ሽንኩርቱ ሥጋ በተከተፈበት ቢላዋ ተከትፎ ከሆነ ነገሩ ይብሳል፤ ሕጉ እንደ ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት ያለ የሚያቃጥል ነገር በቢላዋው ውስጥ ያለውን ጣዕም ስቦ ያወጣል ይላልና። ምስሩ ካልተለቀመ፣ ጎመኑም ቅጠል በቅጠል ካልታየ የትል ጥያቄ አለ። በመጨረሻም ለማዕድ የሚቀርብ ወጥ ሲበስል አይሁዳዊ በማብሰሉ እንዲካፈል ይፈለጋል። ስለዚህ «የጾም ነው» የሚለው ቃል ለእንግዶችዎ ስለ ሥጋና ወተት ብቻ ይነግራቸዋል፤ የቀረውን ሁሉ አይመልስላቸውም።

ከደቡቡ የአሜሪካ ምግብ ጋር ሲሆን ደግሞ የበለጠ መጠንቀቅ ያስፈልጋል። ሳቫና ውስጥ ምግብ ቤት ገብተው ጎመን ቢያዩ የአገርዎን ጎመን የሚመስል፣ ለስልሶ የበሰለ ቅጠል ይቀርብልዎታል፤ አስተናጋጇም አትክልት መሆኑን በቅን ልብ ትነግርዎታለች። በድሮው ልማድ ግን ያ ጎመን ለረጅም ሰዓት የሚንተከተከው በጭስ ከደረቀ የአሳማ ሥጋ ጋር ነው። ባቄላውና አተሩም አብዛኛውን ጊዜ እንዲሁ ነው፤ ቢስኪት የሚባለው ትኩስ ዳቦ በአሳማ ሞራ ሊለወስ ይችላል፤ ድንችና ዓሣ የሚጠበስበት ዘይት ሽሪምፕ የተጠበሰበት ሊሆን ይችላል። ከተማዋ በባሕር አጠገብ ስለሆነች ሽሪምፕ፣ ሸርጣንና ኦይስተር በየገበታው አሉ፤ ሁሉም ለአይሁዳዊ የተከለከሉ ናቸው። ዓሣ ክንፍና ቅርፊት ሊኖረው ይገባል፤ አምባዛ ቅርፊት ስለሌለው ከአገር ቤትም ብዙዎቻችን እንደማንበላው ሁሉ እዚህም አይበላም። ጥሬ ዓሣ የሚገዙ ከሆነ ቅርፊቱ በዓይን እንዲታይ ሙሉውን፣ ቆዳው ሳይገፈፍ ይግዙ፤ በራሳቸው ቢላዋ እነሱ ይቁረጡት።

የሚሻለው መንገድ ይህ ነው። በአትላንታ የቶኮ ሂልስ ሰፈር፣ በላቪስታ መንገድ ዙሪያ፣ የታወቀ የኦርቶዶክስ አይሁድ መኖሪያ ነው፤ ኮሸር ሥጋ፣ ዶሮ፣ ዳቦና የበሰለ ምግብ በአካባቢው ይገኛል፤ የአትላንታ የኮሸር ቁጥጥር ኮሚሽንም የሚቆጣጠራቸውን ቦታዎች ያሳውቃል። ከአትላንታ ሳቫና በማኮን በኩል 400 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ አራት ሰዓት የሚጠጋ መንገድ ነውና የቀዘቀዘውን ሥጋ በበረዶ በተሞላ ሣጥን ይያዙ። እርስዎ ብቻዎን የሚያመጡት ከሆነ አንድ ነገር አደራ እላለሁ፤ ሥጋው፣ ዓሣውና ወይኑ ከሱቁ በሁለት እሽግ ተዘግቶ ይውጣ፣ እስከ እንግዶችዎ እጅ ድረስም አይከፈት። ሕጉ ይህን የሚጠይቀው በመንገድ ላይ ምግቡ እንዳልተለወጠ የሚያረጋግጥ ምልክት እንዲኖር ነው፤ በእርስዎ ታማኝነት ላይ የተሰነዘረ ነገር አድርገው እንዳይወስዱት እለምናለሁ። የወይን ጠጅ ጠርሙስም እነሱ ራሳቸው ይክፈቱት፣ እነሱ ራሳቸው ይቅዱት። በክብር ሊቀዱላቸው ቢያስቡ እንኳ፣ ወይኑ አስቀድሞ በእሳት ያልፈላ ከሆነ ሕጉ አይሁዳዊ ያልሆነ ሰው የቀዳውን ስለሚከለክል ሊጠጡት አይችሉም፤ እርስዎን ላለማሳፈር ሲሉ ደግሞ በጣም ይጨነቃሉ።

የታሸገውን ነገር ሳቫና ውስጥ ካለ ከማንኛውም ትልቅ ሱፐርማርኬት መግዛት ይቻላል። በማሸጊያው ላይ ምልክቱን ይፈልጉ፦ ክብ ውስጥ ያለ የ«ዩ» ፊደል፣ ክብ ውስጥ ያለ የ«ኬ» ፊደል ወይም ኮከብ ውስጥ ያለ የ«ኬ» ፊደል በጣም ከታወቁት ተቆጣጣሪዎች መካከል ናቸው። ከአጠገቡ የ«ዲ» ፊደል ካለ ወተት ነክ ነው፤ ከሥጋ ጋር አይቀርብም። ያለ ክብና ያለ ኮከብ ብቻውን የቆመ «ኬ» ግን ማን እንደተቆጣጠረው ስለማይናገር አይተማመኑበት። ያልተቆረጠ ፍራፍሬ፣ እንቁላል፣ ያልበሰለ ምስርና ሩዝ ችግር የለባቸውም። ለማብሰያ አዲስ ድስት ከመግዛት ይልቅ አንዴ ተጠቅመው የሚጥሉትን የአሉሚኒየም ሣህን ቢገዙ ይቀላል፤ አዲስ የብረት ድስት ከመጠቀማቸው በፊት በሥርዓት ውኃ ውስጥ መጥለቅ ይኖርበታልና። የተከራዩት ቤት ምድጃ ውስጥ ሲያሞቁ ሣህኑን በፎይል ድርብ ይጠቅልሉት። የሐበሻ ምግብ ካማራቸው ደግሞ ጤፉን፣ ምስሩንና ቅመሙን ጥሬውን ይዘውላቸው ይሂዱ፤ እናትየው ራሷ ትሥራው። እንዲህ ከሆነ የምስር ወጡ ሙሉ በሙሉ ኮሸር ይሆናል፤ የጎንደር ጣዕሙም አይጎድልም።

የለስላሳ መጠጥ ነገር ከተነሣ ለደቡቡ ብቻ የሆነ አንድ ታሪክ አለ። ኮካ ኮላ የአትላንታ ልጅ ነው። በዚያው ከተማ ያገለግሉ የነበሩት ራባይ ጦብያ ጌፈን መጠጡ ኮሸር ነው ወይ ተብለው ደጋግመው ሲጠየቁ፣ ኩባንያው ምስጢራዊውን የቅመም ዝርዝር ምስጢር እንዲጠብቁ ቃል አስገብቶ አሳያቸው። ከውስጡ ከእንስሳ ሞራ የሚወጣ ግሊሰሪን አገኙበት፤ በአትክልት ዘይት በተሠራ እንዲተካ አደረጉ፤ ለአይሁድ ፋሲካ ደግሞ፣ በበዓሉ ከእህል የተቦካ ነገር ስለማይፈቀድ፣ ከእህል የሚወጣው አልኮል ከሸንኮራ አገዳ ወይም ከስኳር ቀይ ሥር በሚገኝ እንዲለወጥ አስማሙ፤ በ1935ም ብይናቸውን ጻፉ። ከሊቱዌኒያ የመጡ አንድ ስደተኛ ራባይ ይህን ያህል ትልቅ ኩባንያ በትሕትናና በእውቀት ማሳመናቸውን ባሰብኩ ቁጥር ሙያዬን እወደዋለሁ።

ስለ ቅዳሜው ውሎ የጠየቁት ጥያቄ የሾፌርነት ሥራዎን በቀጥታ ይነካል። እነሱ መኪና አለመንዳታቸው ብቻ አይበቃም፤ ሌላ ሰው ለእነሱ ብሎ እንዲነዳላቸው ማዘዝም አይፈቀድላቸውም። ስለዚህ ቫኑን ዓርብ ከሰዓት አቁመው ቁልፉን ያኑሩ፤ «እኔ ክርስቲያን ነኝ፣ እኔን ምን ይለኛል፣ ላድርሳችሁ» ብለው ደጋግመው አይጠይቋቸው። ሒሳቡንም ቢሆን የቅዳሜን ለብቻ ቆርጠው አያስቡት፤ ከሐሙስ እስከ እሑድ ላለው ጉዞ ሁሉ አንድ ዋጋ ይነጋገሩና ወይ አስቀድመው ወይ እሑድ ይቀበሉ። ቅዳሜ ዕለት ስለ ገንዘብ አይነሣ። በመንገድ ላይ ዕቃ ያዙልኝ ብለው አይስጧቸው፤ በአደባባይ ዕቃ መሸከም የሚችሉት ኤሩቭ የሚባለው፣ በምሰሶና በሽቦ የታጠረ ወሰን ውስጥ ሲሆኑ ብቻ ነው። በኦርቶዶክሱ ምኩራብ ሰፈር ኤሩቭ አለ፤ የሕፃን ጋሪ የሚገፉ ከሆነ ወሰኑ የት እንደሚደርስና በዚያ ሳምንት ደህና መሆኑን ዓርብ ጠዋት ከምኩራቡ ይጠይቁ።

በሰንበት ኤሌክትሪክ ማብራትም ሆነ ማጥፋት ስለማይፈቀድላቸው ቤቱንም ዓርብ ሳይመሽ አብረው ይመልከቱት። በሩ በካርድ ወይም በቁጥር የሚከፈት ከሆነ ቅዳሜ አይከፍቱትም፤ ተራ ቁልፍ ያለው ቤት ይፈልጉ። የማቀዝቀዣው አምፑል ይነቀል፣ የመታጠቢያ ቤቱ መብራት በርቶ ይደር፣ ሰው ሲንቀሳቀስ ራሱ የሚበራ መብራት ካለ ይዘጋ። ምግብ የሚያሞቀው የኤሌክትሪክ ሣህን ከፀሐይ መጥለቅ በፊት ይሰካ። ከቤተሰቡ መካከል አያት ካሉ ይህ ሁሉ ላያስጨንቃቸው ይችላል፤ ወላጆቻችን በጎንደር ሳሉ ሰንበትን ያለ እሳት፣ ዓርብ በተጋገረ ዳቦና በቀዘቀዘ ምግብ ያሳልፉ ነበር።

ሰዓቱን ሳይናገሩ ማለፍ አይቻልም። እኛ ያደግነው ፀሐይ ዓመቱን ሙሉ ወደ አሥራ ሁለት ሰዓት ገደማ በምትጠልቅበት አገር ነው፤ ሳቫና እንዲህ አይደለችም። በታኅሣሥ ወር ፀሐይ በአሜሪካ ሰዓት ከምሽቱ 5፡20 ገደማ ትጠልቃለች፣ የሰንበት መቀበያው ሻማ የሚለኮሰው 18 ደቂቃ ቀደም ብሎ ስለሆነ ከአትላንታ ዓርብ ከቀትር በኋላ ዘግይቶ መነሣት ማለት ሰንበትን መንገድ ላይ መቀበል ነው። በሰኔ ወር ደግሞ 8፡30 ገደማ ስለምትጠልቅ ቅዳሜ ሰንበት የሚወጣው ከ9 ሰዓት በኋላ ነው፤ ከዚያ በኋላ አራት ሰዓት በሌሊት መንዳት አያስፈልግም፤ እሑድ መመለስ ያሰባችሁት በጣም ትክክል ነው።

ሚክቬ እስራኤልን ሐሙስ ወይም ዓርብ ቀን ያስጎብኟቸው፤ የጉብኝቱን ሰዓት አስቀድመው ይጠይቁ። የጆርጂያ ቅኝ ግዛት በየካቲት 1733 ተመሠረተ፤ በዚያው ዓመት ሐምሌ 11 ቀን 42 አይሁድ በመርከብ ከለንደን ሳቫና ገቡ። አብዛኞቹ ከፖርቱጋል ኢንኩዊዚሽን (መናፍቃን ያላቸውን ያሳድድ ከነበረው የካቶሊክ ፍርድ ቤት) ያመለጡ፣ ሃይማኖታቸውን ለብዙ ዘመን ደብቀው የኖሩ ቤተሰቦች ነበሩ። ለንደን ያሉት የቅኝ ግዛቱ አስተዳዳሪዎች መምጣታቸውን አልወደዱትም፤ ገዢው ጄምስ ኦግልቶርፕ ግን ተቀበላቸው። የሰፋሪዎቹ ሐኪም ሞቶ ወረርሽኝ ሰውን እየጨረሰ ነበርና፣ ከመጡት አንዱ ዶክተር ሳሙኤል ኑኔዝ ሕሙማኑን ማከም ጀመረ። ይዘውት የመጡት የኦሪት ጥቅል እስከ ዛሬ በምኩራቡ አለ። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ስፔን ከፍሎሪዳ ልትወር ነው ሲባል፣ የስፔን እጅ ምን እንደሆነ የሚያውቁት የፖርቱጋል ቤተሰቦች ሸሹ፤ ከቀሩት ጥቂቶች መካከል የሼፍታልና የሚኒስ ቤተሰቦች ማኅበሩን አቆዩት። ሃይማኖትን ደብቆ መኖርንና ስደትን ለሚያውቅ ለቤተ እስራኤል ሰው ያ የኦሪት ጥቅል ከሙዚየም ዕቃ በላይ ነው፤ ፊቱ ሲቆሙ ጊዜ ይስጧቸው።

በ1790 የማኅበሩ መሪ ሌቪ ሼፍታል ለጆርጅ ዋሽንግተን የእንኳን ደስ ያለዎት ደብዳቤ ጽፎ ፕሬዚዳንቱ መልሶለታል። አሁን ያለው የጎቲክ ሕንጻ የተመረቀው በ1878 ሲሆን ከውጭ ቤተ ክርስቲያን ይመስላል፤ እንግዶችዎ ከደጅ ቢያመነቱ ምክንያቱን ይወቁት። ታሪኩን ሲሰሙ የባርነቱንም ክፍል ይስሙ። ባርነት በጆርጂያ ከተፈቀደ በኋላ የሳቫና አይሁድ ቤተሰቦችም እንደ ጎረቤቶቻቸው ባሪያ ይገዙ ነበር፤ ጥቁር አይሁዳዊ የሆነ እንግዳ ይህን ከማንም አስቀድሞ ሊያውቅ ይገባዋል።

ይህን ካነሣሁ አይቀር በግልጽ የምነግርዎት ነገር አለ። አትላንታ ውስጥ «ዘ ቴምፕል» የሚባለው ምኩራብ በ1958 በፈንጂ ተመትቷል፤ በ2018 ፒትስበርግ ውስጥ 11 ሰዎች በጸሎት ላይ ተገድለዋል። ስለዚህ ምኩራቦች በራቸውን ዘግተው፣ የማያውቁትን ሰው ጠይቀው ያስገባሉ። የሳቫና ምእመናን በአብዛኛው ነጮች ናቸው፤ ከደጅ የቆመው ጠባቂ የእንግዶችዎን መልክ አይቶ ጥያቄ ቢያበዛባቸው ልባቸው ይሰበራል። ይህ እንዳይሆን ቢያንስ ከሁለት ሳምንት በፊት ወደ ምኩራቡ ይደውሉ፤ የቤተሰቡን ስም፣ ቁጥራቸውንና የሚመጡበትን ቀን ይንገሩ፤ ከእስራኤል ራባያቸው አጭር ደብዳቤ ቢልክ ደግሞ እጅግ ጥሩ ነው። እንዲህ ከተደረገ ከደጅ የሚጠብቃቸው ጠባቂ ሳይሆን ለሰንበት ማዕድ የሚጋብዛቸው ሰው ይሆናል።

ከዚያ በፊት ግን ለእንግዶችዎ ራሳቸው ደውለው ልማዳቸውን ይጠይቁ። አንዱ ቤተሰብ የተለየ ቁጥጥር ያለውን ሥጋ ብቻ ይበላል፣ ሌላው በማንኛውም ምግብ ቤት ቀዝቃዛ ሰላጣ ይበላል፤ አንዱ አይሁዳዊ ያላየውን ወተት አይጠጣም፣ ሌላው ይጠጣል። ከእነሱ አፍ የሰሙትን ይከተሉ፤ የእኔ ምላሽ ከእነሱ ቃል ጋር ከተጋጨ የእነሱ ይበልጣል።